የጋርላንድ ቁርጭምጭሚት

ሮይስ ሃድልስተን ቅዳሜ ጠዋት ሁለተኛውን ካልሲ ፍለጋ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሚስቱ ኔልዳ በስልክ የምትለው ጆሮው ጥልቅ አለ። «ጋርላንድማ ትናንት ከሰዓቱን ሙሉ ታቅፏት አይደል የዋለው! እጁ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት አልሽኝ? ወይ ጋርላንድ!» ሮይስ አንድ እግሩ ካልሲ እንዳደረገ፣ አንደኛው ባዶውን እንደሆነ ባለበት ቆመ። ጋርላንድ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ታቀፋት የተባለችው ደግሞ ኦፓል ናት፤ የሮይስ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ፣ ከተወለደች ሁለት ሳምንት ያልሞላት። እሱ የገዛ አያቷ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ በመስኮት ካልሆነ በቀር አላያትም።

«ጋርላንድ?» አለ ማእድ ቤት ዘው ብሎ። «ጋርላንድ ነው የታቀፋት?»

ኔልዳ ስልኩን ዘግታ እንቁላል ወደ መስበሯ ተመለሰች። «የእናቷ አጎት አይደል? ምን አለበት?»

«ምን አለበት? ሰውዬው እኮ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሽጉጥ ታጥቆ ነው የሚዞረው! ሃያ ዓመት ሙሉ!»

«እኔ አላየሁም።»

«ያላየሽው ስለደበቀው ነዋ!»

«እሱን ነው የምልህ» አለች ኔልዳ። «ደብቆታል። እንዳንተ ሰው ዓይን ውስጥ አልጨመረውም።»

ነገሩ ወዲህ ነው። እስከ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ድረስ ቴክሳስ ውስጥ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጥ የሚታጠቀው ከልብስ ሥር ሸሽጎ ብቻ ነበር። ከአዲስ ዓመት ወዲህ ግን አዲሱ ሕግ ወጣና የፈለገ ሰው ወገቡ ላይ አድርጎ በአደባባይ እንዲሄድ ተፈቀደለት። ለዚህ ሕግ ከከተማችን ሰዎች የሮይስን ያህል የደከመ የለም። ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ዋና ከተማው ኦስቲን ድረስ ሄዶ የሕግ አውጪው ሸንጎ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ቆሟል። ሮይስ ዕድሜ ልኩን ማቀዝቀዣ ሲጠግን የኖረ፣ ለደንበኛው የተበላሸውን ዕቃ ፈትቶ ሳያሳይ ዋጋ የማይናገር ሰው ነው። ተደብቆ የሚያዝ ነገር ሁሉ የሌባ ይመስለዋል። «ካለህ አሳይ፣ ከሌለህ የለኝም በል» ይላል። ስለዚህ አዲሱ ዓመት በገባ በማግስቱ፣ ኮርቻ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ በመቶ አርባ ዶላር የሰፋለትን የቆዳ ማኅደር በቀኝ ጎኑ አድርጎ፣ ሽጉጡን ከትቶ፣ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፖርት ለብሶ አያውቅም። የእኛ አገር የጥር ነፋስ ከሰሜን ሜዳውን ጠርጎ ሲመጣ ጥርስ ያነቃንቃል፤ ነገር ግን ካፖርት ከደረበ ሽጉጡ ይሸፈናል፣ ከተሸፈነ ደግሞ ድብቅ ሆነ፣ ድብቅ ከሆነ የሁለት ዓመት ትግሉ ውኃ በላው። ኔልዳ ካፖርቱን ለብሶ ከላይ እንዲታጠቀው መክራው ነበር። ሞከረው። መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን አየና የገና አባት መስያለሁ ብሎ አወለቀው።

ልጁ ዳርላ ግን ለአዲሱ ሕግ ግድም የላት። ሕፃኗን ይዛ ቤቷ የገባች ዕለት አባቷን ደጃፍ ላይ ተቀብላ፣ «አባዬ፣ ሽጉጥ እዚህ ቤት አይገባም። ከላይም አይገባም፣ ከሥርም አይገባም። ልጅ ስትታቀፍ እግሯ የት ነው የሚያርፈው? እዚያው ጎንህ ላይ ነው» አለችው። ሮይስም አላወልቅም አለ። ኔልዳ ለሆስፒታሉ እንዴት እንዳወለቀ ብትጠይቀው፣ እሱ ሕግ ነው፣ ዳርላ ግን ሕግ አይደለችም ሲል መለሰላት። ኔልዳም ልጅህን አታውቃትም ማለት ነው ብላው ሄደች። ከዚያን ዕለት ወዲህ ሮይስ ወደ ልጁ ቤት እየሄደ በረንዳ ላይ ይቆማል። ዳርላ ሕፃኗን ይዛ በመስኮቱ ታሳየዋለች፤ እሱም በመስታወቱ እጁን ያውለበልብና በፒካፑ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ችሎ የነበረው ግን ሁሉም ሰው የተከለከለ መስሎት ነው።

ቁርሱን ሳይበላ ወጥቶ ጋርላንድን ፍለጋ ወደ ቨርና ቁርስ ቤት ነዳ። ጋርላንድ ሚስቱ ማርጋሬት ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከዚያ አይጠፋም፤ በሩ ፊት ለፊት፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። እዚያ የሚሰበሰቡት ጡረተኞች ሁሉ የሚያውቁት «ሁልጊዜ የታጠቀው ጋርላንድ» ብለው ነው። ወንበሩ ሲያዝበት እንኳ ይለቁለታል። ሮይስ ግን መግባት አይችልም። በአዲሱ ሕግ ባለቤት ያልፈለገ እንደሆነ መከልከያ ማስታወቂያ መስቀል አለበት፤ አንዱ በግልጽ ታጥቆ መግባትን የሚከለክል ነው፣ ሌላው ደብቆ መግባትን። ሁለቱም በትልልቅ ፊደል፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የሚጻፉ፣ አንሶላ የሚያካክሉ ናቸው። ቨርና የሰቀለችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለምን ሲሏት፣ ሁለቱን ብሰቅል መስኮቴ አለቀ፣ ሰዉም የተዘጋ መስሎት ያልፈኛል፣ ደግሞ ያላየሁት ነገር አያስፈራኝም ትላለች። እናም ጋርላንድ ውስጥ ሞቆት የስምንት ዶላር ፓንኬኩን ከነቋሊማው ይበላል፣ ሮይስ ውጭ ነፋስ ላይ ቆሞ መስታወት ያንኳኳል።

ቨርና ቡና በወረቀት ኩባያ ይዛለት ወጣች። «ሮይስዬ፣ ከንፈርህ ሰማያዊ ሆኗል። ሸሚዝህን ከሱሪህ አውጥተህ ጣል አድርግበትና ግባ። ማን ያይሃል?»

«እግዚአብሔር ያየኛል። ያንን ሰውዬ ጥሪልኝ።»

ጋርላንድ አፉን በወረቀት እየጠረገ መጣ። ረጅም፣ ሽበቱን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ቀኝ እግሩን ትንሽ ሳብ የሚያደርግ ሰው ነው፤ እግሩን የሚስበው በሽጉጡ ክብደት እንደሆነ ነው ከተማው የሚያምነው። «አሁንም በዚህ ብርድ?» አለው። «ስንቴ ልንገርህ! አንድ ሌባ እዚህ ቢገባ መጀመሪያ የሚተኩሰው አንተን ነው። እኔን ማን ያውቀኛል?»

«እኔን ያየ ሌባ አይገባም! አንተን ግን ስላላየ ይገባል። ሌባ የምትጠራብን እኮ አንተ ነህ!»

«እሺ፣ ይህንን ልትነግረኝ ነው ከፓንኬኬ ያስነሳኸኝ?»

ሮይስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ልጄ ቤት እንደዚሁ ሆነህ ነው የገባኸው?»

«እንዴት ሆኜ?»

«እግርህን ነው የምልህ።»

የጋርላንድ አንገት ቀላ። ወደ ኋላው ዞሮ ጡረተኞቹን አየ፤ ሁሉም በመስታወቱ ወደ እነሱ ያያሉ። «ስለ እግሬ ደጅ ላይ ቆሜ አላወራም» አለ።

«ዳርላ ታውቃለች ወይ?»

«ሮይስ፣ በናትህ፣ ዝም በል። ያንተ ነገር ወገብህ ላይ ነው፣ እሺ። የኔ ነገር የኔ ነው።» ብሎት ገባ። ሲገባ እግሩን ከወትሮው አብልጦ ሳበ። ሮይስ ያንን አንገት አየ፣ ያንን ፍርሃት አየ፣ የበደለኛ ሰው ነገር እንደሆነም እርግጠኛ ሆነ።

ለምሳ ሁሉም ዳርላ ቤት ተጠርተው ነበር። ሮይስ ፒካፑን ነዳ። ኔልዳ በኮክ የሠራችውን ጣፋጭ ጭኗ ላይ አድርጋ የቤንዚን ዋጋ እየቀነሰ መምጣቱን፣ የጎረቤታቸው አጥር መውደቁን፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ ነገረችው። ፒካፑ ሲቆም ብቻ ዞር ብላ፣ «ጋርላንድ እንዲህ ካበገነህ ለምን ለዳርላ አትነግራትም?» አለችው። ሮይስ ሰው ላይ አላሳብቅም አለ። በሕይወቴ ሰው ላይ አሳብቄ አላውቅም፣ በደሌን ችዬ እቆማለሁ አለ። ይህን ሲል በእውነት የተከበረ ሰው መስሎ ተሰማው። ወርዶም በረንዳው ላይ የተለመደ ቦታው ሄዶ ቆመ።

የዳርላ ባል ኩርት ትሑት ልጅ ነው። አማቱ ብቻውን እንዳይቆም ብሎ ትኩስ ምግብ በሳህን ይዞለት ወጣ፤ እሱም ለአክብሮቱ ሲል ካፖርቱን ሳይለብስ ነበርና ሁለቱም ተንቀጠቀጡ። ሌሊቱን ሙሉ በእንጨት ጭስ ያበሰለው የበሬ ፍርምባ ነበር። «እንዴት ነው፣ ለሰለሰልዎ?» ሲል ጠየቀ። ሮይስ ጥሩ ነው አለ። ፍርምባ በፓውንድ ስንት እንደገባ ተነጋገሩ። ከጣሪያው ጫፍ የዝናቡ ቦይ ተንጋዷል፣ ቆርቆሮ ቤት ሄዶ ዋጋ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩት አለቀ። ኩርት፣ «እንግዲህ እዚህ ቢሆኑም አየሩ ንጹሕ ነው» አለና በዚህ ራሱም ስላፈረ ዳቦ ላምጣልዎ ብሎ ሮጦ ገባ።

ሮይስ በመስኮቱ ተመለከተ። ሳሎኑ የሕፃን ቤት ሆኗል። ከሆስፒታል የመጣው ፊኛ ግማሹ ተንፍሶ ጣሪያውና ወለሉ መሐል ይዋልላል፤ የታጠበ ጨርቅ ሶፋው ላይ ተቆልሏል፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ኳስ ያሳያል። ጥግ ባለው ትልቅ ወንበር ላይ ጋርላንድ ተቀምጧል። እግሩን በእግሩ ላይ አነባብሯል፤ ኦፓል ደረቱ ላይ ተኝታለች፤ አንድ ጣት የምታህል እግሯ ከብርድ ልብሷ ወጥታ ትንጠለጠላለች። የተነባበረው እግሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ልጅቷን ያወዛውዛል። ሽጉጥ ያለበት እግር! በመስታወቱ ውስጥ የዳርላ ድምፅ ደብዝዞ መጣ፦ «ታያላችሁ? አጎቴ ጋርላንድ ሲታቀፋት እኮ ትንፍሽ አትልም። ልጅ ሰላማዊ ሰው ታውቃለች።»

ሮይስ ሳህኑን የበረንዳው መደገፊያ ላይ አስቀመጠ። በሩን ከፍቶ ገባ። ሰው ላይ አላሳብቅም ያለው ትዝ አላለውም፤ ሽጉጡም ወገቡ ላይ እንዳለ ትዝ አላለውም።

«ሱሪህን ሰብስብ!» ብሎ ጋርላንድ ላይ ጮኸ።

ኩርት ዳቦ እንደያዘ ደረቀ።

«አባዬ» አለች ዳርላ ቀስ ብላ። «በሩን ዝጋ። በውጭ በኩል ሆነህ።»

«አልዘጋም! እኔ የማሳየው ሰው እንደ ውሻ ደጅ ላይ ቆሜ፣ እሱ የሚደብቀው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታቀፋታል! ጠይቂው እስቲ! ቁርጭምጭሚቱ ላይ ምን እንዳለ ጠይቂው!»

ዳርላ ወደ አጎቷ ዞረች። ኔልዳም ወደ ወንድሟ ዞረች። ጋርላንድ ሁሉንም አየ፤ ሕፃኗንም አየ። «ሮይስ፣ ለምነህ ነበር እኮ» አለ፤ ለምኜህ ነበር ማለቱ ነው፣ ቃሉ ተሳከረበት። ከዚያ ልጅቷን በአንድ እጁ ደግፎ በሌላው የቀኝ ሱሪውን ጫፍ ይዞ ወደ ላይ ሳበው።

ምንም የለም። የተበላ ጥቁር ካልሲ፣ ከሱ በላይ እንደ ተገፈፈ ዶሮ የነጣ ቅልጥም፤ ሌላ ምንም። ሮይስ የግራውንም አሳይ አለ፤ ድምፁ ግን ከወዲሁ ዝሎ ነበር። ጋርላንድ የግራውን ሳበ። እሱም ያው።

«የት ሄደ?» አለ ሮይስ።

«የለም። አራት ዓመት ሆነው። ቁርጭምጭሚቴን ልጦኝ አቁስሎኝ፣ ሐኪሙ ተወው አለኝ።»

«አራት ዓመት! ቨርና ቤት ጀርባህን ለግድግዳ ሰጥተህ ስትቀመጥ? ‹ሁልጊዜ የታጠቀ› ሲሉህ? ያ እግር መሳብ?»

«ጉልበቴ ነው» አለ ጋርላንድ። እንደ ሕፃን ወለል ወለሉን እያየ ቀጠለ። «እስቲ አስበው። የመደበቅ ጥቅሙ ሰው አለው ብሎ ማሰቡ አይደል? ካሰበ ደግሞ እኔ ምን ልሁን ብዬ ብረቱን ልሸከም? ሁሉም እንደታጠቅሁ ያምናል። ወንበር ይለቁልኛል። ማርጋሬት ከሞተች ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ ካልሆነ የት ነው ሰው ቦታ የሚሰጠኝ?»

«አሁን ሽጉጡ የት ነው ያለው?» አለ ኩርት፤ ለመናገር ብሎ ነው።

«ደብቄዋለሁ» አለ ጋርላንድ። «የት እንደደበቅኩት ጠፋኝ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ኔልዳ ናት። ልትይዘው ሞከረች፣ አፍንጫዋን በፎጣ አፈነች፣ አልሆነላትም፤ ከወንበሩ ሥር እስክትደርስ ሳቀች። ዳርላም ወገቧን ይዛ፣ አታስቁኝ፣ ስፌቴ ይፈታል እያለች ሳቀች። ጋርላንድ ግን አልሳቀም። ሱሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ታች መለሰና እጥፋቱን በእጁ አስተካከለ። ሮይስ ያንን እጅ አየ። የሰውየውን ገመና በሰው ፊት የገለጠው እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን ይታይ፣ ይገለጥ ሲል የኖረ ሰው፣ ያን ዕለት ግን የታየው ነገር መልሶ ቢሸፈን ደስ ባለው። ደግሞም ኦፓል ነቃች። ከዚህ ሁሉ ጩኸት ወዲህ ገና አሁን ዓይኗን ከፍታ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ሮይስ አየች። በመሐላቸው መስታወት አልነበረም።

ዞሮ ወጣ። ዳርላ ተቆጥቶ የሄደ መስሏት በሩ ድረስ ተከተለችው። ሮይስ ፒካፑ ጋ ደረሰ፣ ከነፋሱ ጋር እየታገለ ወገቡን ሲፈታ ቆየ፣ ሽጉጡን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት፣ ተመለሰ። ደጃፉ ላይ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳና ወዲያው አንዱን መልሶ አወረደው። ዳርላ ሆስፒታል ውስጥ ያላየችውን ዓይነት ፍተሻ ፈተሸችው፤ ብብቱን፣ ጀርባውን፣ ቁርጭምጭሚቱን ጨምራ።

«ያንኛውንስ እጅህን ለምን አታነሳም?» አለችው።

«ማኅደሩ ቀበቶው ላይ ነው የተሰፋው» አለ ሮይስ በሹክሹክታ። «ቀበቶውም አብሮ ሄደ። ሱሪው ብቻውን አይቆምም።»

ዳርላ ከንፈሯን ነከሰች፤ አባቷን ለማሳፈር አልፈለገችም። እጁን ይዛ ወደ ትልቁ ወንበር ወሰደችው። ጋርላንድ ሳይጠየቅ ተነሣ፤ ሮይስን ፊቱን ሳያየው፣ «ግራ ክንድህን አጠፍ አድርግ፣ ራሷን ክርንህ ላይ። እንደሱ» አለና ልጅቷን ሰጠው። ሮይስ ተቀመጠ። ተቀምጦ ሱሪ አይወድቅም። ኦፓል ከሚያስበው በላይ ሞቃት ነበረች፣ ከሚያስበው በላይም ቀላል። እግሯን ዘረጋች፤ ተረከዟ በትክክል ቀኝ ጎኑ ላይ፣ ማኅደሩ በነበረበት ቦታ አረፈ። ሮይስ ይህን ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ ወንበር ማንም ሊያስነሳው አልቻለም። የኮኩ ጣፋጭ ቀረበ፤ በአንድ እጁ በላ። ኳሱ አለቀ፣ ሌላ ኳስ ጀመረ። ኩርት ስለ ጣሪያው ቦይ እንደገና አነሳ፤ ሮይስ በዚያው ሳምንት ራሱ መጥቶ እንደሚያቃናው ቃል ገባ። ጋርላንድ ከሶፋው ጫፍ ከታጠበው ጨርቅ ጎን ተቀምጦ፣ ቆሎ የምታህል የሕፃን ካልሲ እያነሳ ካቻው ጋር ሲያጣምር ቆየ። አንድ ጊዜ ሮይስ ዓይኑን ከልጅቷ ሳያነሳ፣ «እኔ እንደሆነ ቨርና ቤት አልገባም፣ የሚወራውንም አልሰማም» አለ። ጋርላንድ አንድ ካልሲ አጣመረና፣ «መልካም» አለ።

ፀሐይ ወደ መስኮቱ ጥግ ስትደርስ ሮይስ ጭኑ ላይ ሙቀት ተሰማው። መጀመሪያ የፍቅር ሙቀት መሰለው። ከዚያ ሙቀቱ ወደ ጉልበቱ ወረደ።

«ዳርላ» አለ። «ይቺ ልጅ…»

«ውይ! ዳይፐሯን አላጠበቅኩትም። አምጣት ልለውጣት። አንተም ተነስ አባዬ፣ ወንበሩን ልጥረገው፣ ሳይገባበት!»

ሮይስ ልጅቷን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ አቀበላት። እሱ ግን አልተነሣም። ዙሪያውን አየ፤ ሚስቱ፣ ልጁ፣ የልጁ ባል፣ ጋርላንድ፣ ሁሉም ያዩታል። ሱሪው ርሷል፤ ከባድ ሆኗል፤ ቀበቶውም ፒካፑ ውስጥ ነው። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እባካችሁ» አለ ሮይስ ሃድልስተን፣ «ፊታችሁን አዙሩልኝ።»

መጀመሪያ የዞረው ጋርላንድ ነው። ከጨርቁ ክምር ውስጥ ትልቁን ፎጣ ስቦ አወጣና፣ ጀርባውን ለሮይስ እንደሰጠ፣ በሁለት እጁ ወደ ጎን ዘርግቶ እንደ መጋረጃ ያዘው። «ቀስ ብለህ ተነስ» አለ ግድግዳውን እያየ። «እኔ ምንም አላየሁም።»